አንደኛ የነበረው ልጅ ከአንደኞች መካከል ሲቀመጥ

ለባለ ተሰጥዖ ልጆች በተዘጋጁ የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የመግቢያ ገለጻ ለተማሪውና ለወላጁ ያለው ትርጉም

በየዓመቱ በነሐሴ ወር በሳዑዲ ዓረቢያ የትምህርት ቤቶች በሮች ሲከፈቱ፣ ስድስተኛ ክፍልን ያጠናቀቁ ልጆች ወደ ሙተወሲጣ ይሸጋገራሉ። ሙተወሲጣ ሰባተኛ፣ ስምንተኛና ዘጠነኛ ክፍልን የሚያጠቃልል የሦስት ዓመት ደረጃ ነው። ከእነዚህ ልጆች መካከል ጥቂቶቹ በልዩ ፈተና ተመርጠው ለባለ ተሰጥዖ ተማሪዎች ወደ ተዘጋጀ ትምህርት ቤት ወይም ክፍል ይገባሉ። ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ወይም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትምህርት ቤቱ ልጆቹንና ወላጆቻቸውን ጠርቶ ስለ አሠራሩ ገለጻ ያደርጋል።

ገለጻው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሰዓታት ብቻ የሚወስድ ነው። ርዕሰ መምህሩ ደንቡን ያብራራል፤ መምህራኑ በየተራ ይተዋወቃሉ፤ ቤተ ሙከራዎቹና ቤተ መጻሕፍቱ ይጎበኛሉ። ወላጁ ስለ ደንብ ልብስ፣ ስለ አውቶቡስ፣ ስለ ፈተና ወቅትና ስለ ውድድሮች ሲሰማ ቆይቶ ወረቀቱን አጣጥፎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በወረቀቱ ላይ ብዙውን ጊዜ የማይጻፍ አንድ ነገር ግን አለ። እስከ ትናንት በክፍሉ አንደኛ የነበረው ልጅ ከነገ ጀምሮ የሚቀመጠው ሁሉም አንደኛ ከነበሩበት ክፍል ነው። ከመካከላቸው አንዱ የግድ ሃያኛ ይወጣል፤ ሌላው ደግሞ ሠላሳኛ። ይህን አስቀድሞ ያልተረዳ ቤተሰብ የመጀመሪያው የውጤት ወረቀት ሲደርሰው ይደናገጣል። ድንጋጤው ደግሞ በቀጥታ የሚያርፈው በአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ላይ ነው።

ተሰጥዖን ፈላጊ ተቋማት

በቀጣናው የባለ ተሰጥዖ ልጆች ትምህርት ከሃያ አምስት ዓመታት ወዲህ ትልቅ ትኩረት አግኝቷል። በሳዑዲ ዓረቢያ «መውሂባ» በሚለው አጭር ስሙ የሚታወቀው የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝና የባልደረቦቻቸው የተሰጥዖና የፈጠራ ተቋም የተመሠረተው በ1999 ነበር። ባለ ተሰጥዖ ተማሪዎችን የመለየቱ ብሔራዊ መርሐ ግብርም ከትምህርት ሚኒስቴርና ከብሔራዊው የምዘና ማዕከል ጋር በመተባበር ከ2011 ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በሼኽ ሐምዳን ቢን ራሺድ አል መክቱም ስም የሚጠራው የትምህርት ሽልማት የተቋቋመው በ1998 ሲሆን፣ ባለ ተሰጥዖ ልጆችን መደገፍ ከሥራዎቹ አንዱ ነው። በዮርዳኖስ ደግሞ የንጉሥ ዐብዱላህ ሁለተኛ የልቀት ትምህርት ቤቶች ከ2001 አንስቶ በየአውራጃው እየተከፈቱ፣ ስድስተኛ ክፍልን የጨረሱ ልጆችን ተቀብለው ያስተምራሉ።

ጥረቱ ፍሬ ማፍራቱም በዓለም አቀፍ መድረኮች ታይቷል። በ2024 በሎስ አንጀለስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሳይንስና የምህንድስና ዐውደ ርዕይ የሳዑዲ ተማሪዎች 27 ሽልማቶችን አግኝተዋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ሪያድ ዓለም አቀፉን የኬሚስትሪ ኦሊምፒያድ አስተናግዳለች። የእነዚህ ተማሪዎች መንገድ የተጀመረው ሽልማቱ ከመሰጠቱ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በመካከለኛ ደረጃ የመማሪያ ክፍሎች ውስጥ ነው።

ወላጅ በመጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው መምረጫው ምን እንደሚለካ ነው። የመውሂባ መለኪያ አራት ዘርፎችን ይመለከታል፤ እነርሱም የአእምሮ ተለዋዋጭነት፣ የሒሳብና የቦታ አስተሳሰብ፣ የሳይንስና የመካኒክ አስተሳሰብ፣ እንዲሁም የቋንቋ አስተሳሰብና የንባብ ግንዛቤ ናቸው። እነዚህ ጠቃሚ ችሎታዎች ናቸው። ይሁንና ፈተናው የልጁን ትዕግሥት፣ ሽንፈትን የመቀበል ዐቅሙን፣ ማታ ደብተሩን ለመክፈት ያለውን ፈቃድ አይለካም። አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ጆሴፍ ሬንዙሊ በ1978 ባቀረበው ሐሳብ ተሰጥዖን በሦስት የተጠላለፉ ቀለበቶች ገልጾታል፤ ከአማካይ በላይ የሆነ ችሎታ፣ ፈጠራ፣ እንዲሁም በያዙት ሥራ ላይ የመጽናት ትጋት። ፈተናው በአብዛኛው የሚመለከተው የመጀመሪያውን ቀለበት ነው። ሦስተኛው የሚገነባው ከመግቢያው ቀን በኋላ በትምህርት ቤትና በቤት ውስጥ ነው።

ትልቁ ዓሣና ትንሹ ኩሬ

አንደኛ የነበረ ልጅ በአንደኞች መካከል ሲቀመጥ የሚሰማው ስሜት በጥናት የታወቀ ክስተት ነው። ኸርበርት ማርሽ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1980ዎቹ ባካሄዳቸው ጥናቶች፣ እኩል ችሎታ ያላቸው ሁለት ልጆች አንዱ በተለመደ ትምህርት ቤት፣ ሌላው በተመረጡ ተማሪዎች መካከል ቢማሩ፣ ሁለተኛው ስለ ራሱ ችሎታ ያለው ግምት ዝቅ እንደሚል አሳየ። ክስተቱንም በትንሽ ኩሬ ውስጥ ትልቅ የነበረ ዓሣ ወደ ሰፊ ባሕር ሲገባ ራሱን ትንሽ አድርጎ ከማየቱ ጋር አመሳሰለው። በ2003 ይፋ የሆነና በ26 አገሮች ከ100 ሺህ በላይ ተማሪዎችን የሸፈነ ጥናትም ይኸው ዝንባሌ በተለያዩ ባህሎች እንደሚታይ አረጋግጧል።

የዚህ ግኝት ተግባራዊ ትርጉም ለወላጅ ትልቅ ነው። ልጁ ሳይዳከም፣ እንዲያውም ዕውቀቱ እየጨመረ ሳለ፣ «እኔ ሒሳብ አልችልም» ሊል ይችላል። ራሱን የሚያወዳድረው ካለፈው ዓመት ማንነቱ ጋር መሆኑ ቀርቶ አጠገቡ ከተቀመጠው ልጅ ጋር ሆኗልና። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት «ስንተኛ ወጣህ?» ከሚለው ይልቅ «ባለፈው ሳምንት የማታውቀውን ምን አወቅህ?» የሚለው ጥያቄ ይጠቅማል። ልጁ ከደረጃው በፊት ራሱን ከራሱ ጋር ማስተያየትን ይለምዳል።

ዕድሜውም ሊዘነጋ አይገባም። አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ዓመት ልጁ በአካልም በስሜትም የሚለወጥበት፣ የእኩዮቹ አስተያየት ከወላጆቹ ቃል በላይ የሚከብድበት ጊዜ ነው። አዲስ ትምህርት ቤት፣ አዲስ ጓደኞች፣ ከባድ ትምህርትና የሚለወጥ ሰውነት በአንድ ወቅት ይገጣጠማሉ። አንዳንዱ ልጅ ይህን ሸክም በዝምታ፣ ሌላው በቁጣ ይገልጸዋል። ሁለቱንም እንደ ስንፍና መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ነው።

የቴህራኗ ተማሪ

ለዚህ ሁሉ የመርየም ሚርዛኻኒ ታሪክ የቀረበ ምሳሌ ነው። በ1977 በቴህራን የተወለደችው ሚርዛኻኒ የመጀመሪያ ደረጃን እንደጨረሰች በፈተና ተመርጣ «ፈርዛኔጋን» ወደሚባለው የባለ ተሰጥዖ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ገባች። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት በሒሳብ ያገኘችው ውጤት ደካማ ነበር። የሒሳብ መምህርቷ የተለየ ችሎታ እንዳላት አላመኑም፤ ልጅቷም በራሷ ላይ የነበራት እምነት ተሸረሸረ፤ ለትምህርቱ የነበራት ፍላጎትም ቀዘቀዘ። በሁለተኛው ዓመት የሚያበረታቱ ሌላ መምህር ደረሷትና ውጤቷ በእጅጉ ተለወጠ።

የዚያች ልጅ ቀጣይ ታሪክ በዓለም የታወቀ ነው። በ1994ና በ1995 በዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሊምፒያድ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘች፤ በሁለተኛው ጊዜ ያስመዘገበችው ነጥብ ሙሉ ነበር። በ2014 በሒሳብ ዘርፍ ከፍተኛ ክብር ያለውን የፊልድስ ሜዳሊያ በመቀበል የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ2017 በአርባ ዓመቷ በካንሰር ሕመም ሕይወቷ አለፈ።

ከዚህ ታሪክ ለወላጅ የሚቀሩ ሁለት ቁም ነገሮች አሉ። አንደኛው የመጀመሪያው ዓመት ውጤት የልጅን የወደፊት ዕጣ እንደማይወስን ነው። በዚያን ዓመት ቤተሰቧ «አንቺ ሒሳብ አይሆንሽም» ብሎ ቢደመድም ኖሮ ጉዳቱ የእርሷ ብቻ ሆኖ አይቀርም ነበር። ሁለተኛው የትምህርት ቤት አመራር ሚና ነው። ሚርዛኻኒና ጓደኛዋ ሮያ ቤሄሽቲ በሁለተኛ ደረጃ ሳሉ፣ ተመሳሳይ በሆነው የወንዶች ትምህርት ቤት የሚሰጠው የኦሊምፒያድ ዝግጅት ለእነርሱም እንዲሰጣቸው ርዕሰ መምህርቷን ጠየቁ። ርዕሰ መምህርቷም ጥያቄውን ተቀብላ ትምህርቱ እንዲጀመር አደረገች። የተማሪን ጥያቄ የሚሰማ አመራር ያለበት ትምህርት ቤት መልካም ቤተ ሙከራ ካለው ይልቅ ብዙ ይጠቅማል።

ምስጋናም ይመዘናል

የልጁ መመረጥ ሲታወቅ ቤቱ በደስታ ይሞላል። ዘመድ ይደውላል፤ ጎረቤት እንኳን ደስ አላችሁ ይላል። ልጁም «ጎበዝ ነህ፣ አእምሮህ የተለየ ነው» የሚለውን ቃል በቀን ብዙ ጊዜ ይሰማል። ይህ ከፍቅር የሚመነጭ ቢሆንም ጥንቃቄ ይሻል።

ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 ባሳተሙት ጥናት የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎችን በሁለት መንገድ አመሰገኑ። አንዱን ቡድን ስለ ብልህነቱ፣ ሌላውን ስለ ጥረቱ። ቀጥሎም ለሁሉም ከባድ ጥያቄ ሰጧቸው። ስለ ብልህነታቸው የተመሰገኑት ልጆች ሲሳሳቱ ፈጥነው ተስፋ ቆረጡ፤ ከዚያ በኋላ በቀረበላቸው ቀላል ጥያቄም ከቀድሞው ያነሰ ውጤት አመጡ። ውጤታቸውን ለሌላ ልጅ እንዲጽፉ በተጠየቁ ጊዜ ከእነርሱ ከሦስት አንዱ የሚበልጡት ከእውነተኛው ከፍ አድርገው ጻፉ። ስለ ጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ከባዱን ጥያቄ ወደዱት፤ በመጨረሻውም የተሻለ ሠሩ።

ምክንያቱ ለመረዳት አዳጋች አይደለም። ክብሩ በብልህነቱ ላይ የቆመ ልጅ መሳሳትን እንደ ውርደት ያየዋል፤ ስለዚህ ጥያቄ መጠየቅን ይፈራል፤ ያላወቀውን እንዳወቀ ያስመስላል። በባለ ተሰጥዖ ትምህርት ቤት ደግሞ ትምህርቱ ራሱ የተመሠረተው በመጠየቅና በመሳሳት ላይ ነው። አስመሳይነት የገባበት ልጅ ከዚህ ዕድል ሳይጠቀም ዓመቱ ያልፋል።

ይህ ማስጠንቀቂያ ለዘመናችን ብቻ የተነገረ አይደለም። በ1332 በቱኒስ የተወለደው ኢብን ኸልዱን በ1377 ባጠናቀቀው ሙቀዲማው፣ ተማሪን በኃይልና በጭካኔ ማስተማር የነፍሱን ስፋት እንደሚያጠብ፣ ወደ ውሸትና ወደ ማስመሰል እንደሚገፋው ጽፏል። ዕውቀትም በአንድ ጊዜ የሚወረወር ሳይሆን ደረጃ በደረጃ፣ እየተመላለሱ የሚሰጥ መሆኑን አስረድቷል። ዘመናዊው ጥናትና የቀድሞው ሊቅ በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ፤ የፈራ ልጅ ይዋሻል፤ የሚዋሽ ልጅም አይማርም።

በገለጻው ቀን ምን ይጠየቅ?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ወላጅ ለገለጻው ሲሄድ ተጨማሪ ፈተናዎች ይገጥሙታል። የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። በገበያና በሥራ ቦታ የተለመደው ዐረብኛ ለትምህርት ቤት ስብሰባ ሁልጊዜ አይበቃም። በዚህ ጊዜ አስተርጓሚ የሚሆነው ልጁ ራሱ ነው። አንድ ልጅ ስለ ራሱ ድክመት የተነገረውን ለእናቱ ሲተረጉም ቃሉን ማለስለሱ ወይም መዝለሉ አይገርምም። የሚቻል ከሆነ ቋንቋውን የሚችል የሚታመን ዐዋቂ ይዞ መሄድ፣ ካልተቻለም ጥያቄዎችን አስቀድሞ በዐረብኛ አስጽፎ መያዝ ይበጃል።

ሁለተኛው የሥራ ሰዓት ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ የወንዶችና የሴቶች ትምህርት ቤቶች የተለያዩ በመሆናቸው በሴት ልጅ ትምህርት ቤት በአብዛኛው የምትገኘው እናት ናት። እናት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ከሆነ ለዚያ ቀን ፈቃድ ማግኘት ቀላል አይሆንም። ስለሆነም ቀኑን አስቀድሞ ማወቅና ለአሠሪ በጊዜ መንገር፣ ካልተሳካም በሌላ ሰዓት ከአማካሪዋ ጋር ለመገናኘት መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው የመብት ጉዳይ ነው። የመለያ ፈተናዎችና የልዩ ክፍሎች የቅበላ መስፈርት ከአገር አገር፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል። ለነዋሪ የውጭ ዜጎች ልጆች ክፍት መሆን አለመሆኑን ከሰው አፍ ከመስማት ይልቅ ከትምህርት ቤቱ አስተዳደርና ከይፋዊ ማስታወቂያ ማረጋገጥ ይገባል። የልጁ የመኖሪያ ፈቃድ የሚያበቃበት ቀንም ምዝገባውን እንዳያውክ አስቀድሞ ሊታይ ይገባል።

ከእነዚህ በተጨማሪ ወላጅ በገለጻው ላይ ሊያነሣቸው የሚገቡ መሠረታዊ ጥያቄዎች አሉ። ልጁ በአንድ ትምህርት ቢዳከም ትምህርት ቤቱ ምን ድጋፍ ይሰጣል? በልዩ ክፍሉ ለመቆየት የሚጠበቅ ዝቅተኛ ውጤት አለ? ልጁ ወደ ተለመደው ክፍል መመለስ ቢፈልግ አሠራሩ እንዴት ነው? የቤት ሥራው በቀን በአማካይ ስንት ሰዓት ይወስዳል? የተማሪዎች አማካሪው ማን ነው፤ የሚገኘውስ መቼ ነው? ከመደበኛው ትምህርት ውጭ ያሉት ውድድሮች ግዴታ ናቸው ወይስ በፈቃድ? ወጪያቸውንስ የሚሸፍነው ማን ነው? ውጤትና ማስታወቂያ የሚገለጽባቸው «ኑር» እና «መድረሰቲ» የተባሉት መድረኮች የይለፍ ቃል በማን እጅ ይሆናል? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የይለፍ ቃሉ በልጁ እጅ ብቻ ከቀረ ወላጁ የሚያውቀው ልጁ እንዲያውቅለት የፈለገውን ብቻ ነው።

እንቅልፍም ከዚህ ይቆጠራል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉት ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። የቤት ሥራው፣ የቁርኣን ሒፍዙ፣ የውድድር ዝግጅቱና ስልኩ ተደማምረው ከዚህ ሰዓት ከቀነሱ፣ ሊቀነስ የሚገባው ከእነርሱ አንዱ እንጂ እንቅልፉ አይደለም።

ያልተመረጠው ልጅ

በብዙ ቤት ከተመረጠው ልጅ ጎን ያልተመረጠ ወንድም ወይም እኅት አለ። ገለጻው ስለ እርሱ ምንም አይናገርም፤ ቤተሰቡ ግን ሊያስበው ይገባል።

በ1921 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሉዊስ ተርማን የተባለ ሊቅ ከ1,500 በላይ ልጆችን በብልህነት ፈተና መርጦ በመላ ሕይወታቸው የሚከታተል ጥናት ጀመረ። በጊዜው ከተፈተኑት ልጆች መካከል ዊልያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ የሚባሉ ሁለት ልጆች ነጥባቸው ስላልበቃ ሳይመረጡ ቀሩ። ሾክሌይ በ1956፣ አልቫሬዝ በ1968 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከተመረጡት ልጆች ብዙዎቹ በሕይወታቸው ተሳክቶላቸዋል፤ የኖቤል ሽልማት ያገኘ ግን ከመካከላቸው አልተገኘም።

ይህ ፈተናዎች ከንቱ ናቸው ለማለት አይደለም። ፈተና የሚለካው በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ላይ የታየውን ነው። ሁለት ልጆች ባሉበት ቤት አንዱን «ጎበዙ» ሌላውን «ያ» ብሎ መጥራት ግን ሁለቱንም ይጎዳል፤ ጎበዙ የተባለው ስሙን እንዳያጣ ይፈራል፤ ሌላው መሞከሩን ይተዋል። ለተመረጠው የተገዛ አዲስ ቦርሳ ለወንድሙም ቢገዛ፣ ለአንዱ የተጠየቀው የትምህርት ቤት ውሎ ለሌላውም ቢጠየቅ ፍትሕ ከቤት ይጀምራል።

የተሰጠ ነገር ሒሳብ አለው

«መውሂባ» የሚለው የዐረብኛ ቃል የወጣው «ወሀበ» ከሚለው ግስ ነው፤ ትርጉሙም ሰጠ ማለት ነው። በግዕዝም ይኸው ግስ በዚሁ ድምፅና በዚሁ ትርጉም ይገኛል፤ «ሀብት» የምንለውም ቃል ከዚያ የመነጨ ነው። አማርኛውም «ተሰጥዖ» ሲል መስጠትን ይጠራል። ሦስቱም ቋንቋዎች ችሎታን የባለቤቱ ሥራ ሳይሆን ከአላህ የተቀበለው ስጦታ አድርገው ሰይመውታል። የተሰጠ ነገር ደግሞ አማና ነው፤ ለኩራት አይሆንም፤ ተጠባባቂ ያስፈልገዋል።

የአማናው የመጀመሪያ ጠባቂ ወላጅ ነው። ከገለጻው ቀን በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በተለይ ትዕግሥት የሚጠይቁ ናቸው። ልጁ የመጀመሪያውን ዝቅተኛ ውጤት ይዞ በመጣ ማታ ቤቱ የሚሰጠው መልስ ከአዳራሹ ንግግር ሁሉ ይበልጥ ይታወሰዋል። ያን ማታ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ከጎኑ ቁጭ ብሎ፣ «የትኛው ጥያቄ ከበደህ? እስቲ አሳየኝ» ማለት የሚችል ወላጅ ዐረብኛው ባይሞላለት፣ ሒሳቡንም ባያውቅ እንኳ፣ ለልጁ ትልቁን ድጋፍ ሰጥቷል።